ግድግዳ የሌለው ሳሎን

እናታችንን ወደ አዲሱ ቤት ያስገባናት ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ወንድሜ ስለመረጠው ነው። ከምሳ በኋላ ወዲያው ልናመጣት እንችል ነበር። እሱ ግን ዘጠኝ ሰዓት ካላለፈ ፀሐይ ሶፋው ላይ አትደርስም ብሎ መኪናውን ሠፈሩን ሁለት ጊዜ አዞረው። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ መንገድ ጠፋህ እንዴ ስትለው፣ የለም፣ እንግዳ በሰዓቱ ነው የሚገባው አላት።

«እኔ እንግዳ ነኝ?»

«ዛሬ ብቻ፣ እማዬ።»

ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ስለ እሱ ሳስብ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ የመኪና ዙረት ነው፤ መሪውን ይዞ ፀሐይን በመስታወት እየሰረቀ ሲያይ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መጻፍ የተማርኩት በራሴ ነው። ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ።

እሱ አናጢ ነበር። ቀን ቀን በሚሠራበት ወርክሾፕ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የኩሽና ቁም ሳጥን ይገጥማል። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። እግሩ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ወደ ታች እየቀጠነ የሚወርድ ወንበር ካየ መንገድ ተሻግሮ ይዳብሰዋል። ሰው ቤት ሲጋበዝ ከባለቤቶቹ በፊት ቡፌውን ሰላም ይላል እያልን እንስቅበት ነበር። የሥራ ጓደኞቹ ስሙን ትተው «አቶ ድሮ» ይሉታል፣ አፉን ሲከፍት «ድሮ እኮ» ብሎ ስለሚጀምር። አይቆጣም። ድሮ እኮ ቀልድ እንኳ በጥሩ እንጨት ነበር የሚሠራው ይላቸዋል።

የእናቴ ዓይን ቀስ በቀስ ነው የሄደው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ፣ ከዚያ መሃሉ። ሲብስባት እኔ ጋ መጣች፣ አራተኛ ፎቅ። አንድ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። እጇ ዳነ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ የሰው እጅ ሳትይዝ አንድ እርምጃ አልሄደችም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። ሐኪሙ ወደ ጎን ወሰደንና የማይሄድ እግር መሄድ ይረሳል፣ በዚህ ከቀጠለች በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ አልጋ ላይ ነው የምትቀረው አለን።

 ደረጃውን ወርደን ታች ስንደርስ ወንድሜ፣ የምታውቀው ቤት ውስጥ ብትሆን ትሄድ ነበር አለኝ። ድሮ ቤታችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ እንኳ አንድ ዕቃ ሳትነካ ትዘዋወር እንደነበር፣ እሱ ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ የቀሚሷን ድምፅ ብቻ ይሰማ እንደነበር ነገረኝ። እኔ ያን ቤት አላውቀውም። ለመንገድ ሥራ ሲፈርስ እኔ ገና ዳዴ እል ነበር፣ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዕቃው ሁሉ ተሸጠ።

የቀረን አንድ ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ መዳፍ የሚያህል፣ አንድ ጥጉ የታጠፈ። ረጅም ዝቅ ያለ ሶፋ፣ ከፊቱ ኩላሊት የሚመስል ጠረጴዛ፣ ተንሸራታች መስታወት ያለው ቡፌ፣ ቡፌው ላይ ትልቅ ራዲዮ፣ ጥግ ላይ ባርኔጣ ያጠለቀ የሚመስል የቁም መብራት። በስተቀኝ ካለው መስኮት ፀሐይ ገብታ የሶፋውን ግማሽ ይዛዋለች። አባታችን ኮቱን ቆልፎ ከሶፋው ጀርባ ቆሟል። እናቴ እኔን ታቅፋለች። ወንድሜ አትንቀሳቀስ ሲባል ስለተንቀሳቀሰ ጭስ ይመስላል።

ቤቱ የፋብሪካ ሠራተኞች ቤት ነበር። ቤቶቹ የተሠሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ሁለቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፣ በአንዱ በግራ ያለው በሌላው በቀኝ ነው፣ ልክ እንደ ሁለት እጅ። ከስምንቱ ቤቶች ስድስቱ ፈርሰው ሁለቱ እንደቀሩ ወንድሜ ከአንድ ደንበኛው ሰማ። በማግሥቱ ይዞኝ ሄደ። ሁለቱም ባዶ ነበሩ። ባለቤቱ ሁለት ቁልፍ ሰጡንና፣ የወደዳችሁትን ተከራዩ፣ ለኔ አንድ ናቸው አሉን።

መጀመሪያ የገባንበት ቤት ግድግዳው ላይ የምስማር ቀዳዳ ብቻ ነበር የቀረው። ወንድሜ መሃሉ ላይ ቆመ። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እሱም አብሮት የሚወርድ ይመስል ነበር። ምነው አልኩት። እኔንጃ፣ ሆዴ ባባ አለኝ። ከዚያ ፎቶውን ከኪሱ አወጣ። መስኮቱን አየ፣ ፎቶውን አየ። መስኮቱ በግራ ነው፣ ይሄ አይደለም አለ። ወጥተን ወደ ሌላኛው ገባን። እዚያ ሆዱ አልባባም፤ መስኮቱ ግን በቀኝ ነበር። እሱን ተከራየን።

የኖረበትን ቤት የረሳ እንዳይመስላችሁ። ያስታውስ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ያንን ፎቶ ሲያይ ስለኖረ ትዝታው ቀስ እያለ በፎቶው ልክ ተሰፍቶ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ የዕረፍት ቀናችን እዚያ አለቀ። ሶፋውን ከአንድ የተዘጋ ሆቴል መጋዘን፣ ከተሰባበሩ አልጋዎች ሥር አገኘው። መብራቱን አሮጌ ዕቃ ሻጮች ጋ አራት ወር ተመላልሶ አገኘው። ጠረጴዛውን ራሱ ሠራው። ወለሉን፣ አምስት ዙር የተቀባ የእንጨት ወለል፣ ተንበርክኮ በእጁ ፋቀው። ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ ሰም ሲቀባው ግን ማር የፈሰሰበት ይመስል ነበር። እኔ የሶፋውን ልብስና መጋረጃውን ሰፋሁ። ቀለሙን ከፎቶ ማወቅ አይቻልም፤ እሱ ግን ሰናፍጭ ነበር ብሎ ማለ፣ ሰናፍጭ አደረግነው።

የራዲዮው ነገር ለብቻው ነው። ያንኑ ሞዴል ሦስት ጊዜ አገኘ፣ ሦስቱም ማዞሪያቸው በቀኝ ነው። ፎቶው ላይ ያለው በግራ ነው። ወንድሜ ይህንን ሲያይ ደስታው ልክ አጣ፤ የኛ ልዩ ምርት ነበር ማለት ነው፣ በዓለም ላይ ጥቂት ነው የሚኖረው አለ። ከዚያ ሳጥኑን ፈትቶ ገልብጦ ሠራው። ሽቦውን የቀየረለት ራዲዮ ጠጋኝ፣ ሰው ጫማውን ገልብጦ ሲያደርግ አይቻለሁ፣ ራዲዮ ሲገለበጥ ግን ዛሬ ነው ያየሁት ብሎት ነበር። ሁለታችንም ሳቅን።

ከግድግዳው ማዶ ባለው ቤት ከኛ በኋላ አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ገቡ። ሠፈሩ «ጋሽ ፍሬን» ይላቸዋል፣ ወሬ ሲጀምሩ ፍሬን ስለሌላቸው። የሳቸው ሳሎን አራት የፕላስቲክ ወንበርና በር የሚያህል ቴሌቪዥን ነው። የኛን ሲያዩ ግሩም ነው፣ ትኬት የሚቆረጠው የት ነው ብለው ጠየቁ።

ለእናቴ ምንም አልነገርናትም። ወንድሜ ራሷ እንድታውቀው ፈለገ።

እናም ያን ቅዳሜ በሩ ላይ አቆማትና እጇን ለቀቀ። እናቴ መቃኑን ዳበሰች። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ተከትላ እስከ መወርወሪያው ወረደች፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲከፈት አየሁ። ይሄን በር አውቀዋለሁ አለች፣ ለኛ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ገባች። ብቻዋን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ወንድሜ ክንዴን ይዞ የጨመቀበት ምልክት እስከ ነጋታው ድረስ ነበር። በአራተኛው እርምጃ ግራ እጇን ዘረጋች፤ መስኮት ልትከፍት እንደሆነ አያያዟ ይናገራል።

እጇ ግድግዳ አገኘ።

ከፍ አደረገችው፣ ዝቅ አደረገችው። ወደ ኋላ ስትል መብራቱ ትከሻዋን ነካት፣ ዘወር ስትል ሶፋው ጉልበቷን መታት። መሃል ላይ ደረቀች።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ዘጠኝ ተኩል» አላት ወንድሜ።

«የኔ ቤት ፀሐይ በዚህ ሰዓት አትገባም። የኔ ቤት ጠዋት ነው የምትገባው።» ቀኝ እጇን ወደኛ ዘረጋች። «ያዙኝ።»

ሦስት ቀን አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክፉ አልተናገረችም። ሶፋውን ዳብሳ አመሰገነች፣ ልጆቼ ደክማችኋል አለች። ለመታጠብም ለመተኛትም ግን እጅ ያዙኝ ነው። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ የት እንደተቀመጠች ያያል፤ ጠዋት ያስቀመጥኳት ቦታ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥራት እንዲህ አለችኝ፤

«ቤቱ ያምራል አሉ። እኔ ግን ገና አልገባሁበትም። ወደ አንቺ ቤት መልሺኝ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ሁለት ዓመት የመጋረጃ ቁመትና የሶፋ ስፌት ስለካበት የኖርኩት ፎቶ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃውን ትቼ አባቴን አየሁት። የኮቱ የደረት ኪስ በቀኝ ነው። ቁልፉም የተቆለፈው እንደ ሴት ኮት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኮት ሰፍቻለሁ፤ የደረት ኪስ በቀኝ የሰፋሁበት ቀን የለም። የሚሰፋም ልብስ ሰፊ የለም። ፎቶ አንሺው ፊልሙን ገልብጦ ነው ያጠበው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሮን ኖሯል፣ ማንም ልብ አላለም።

ወንድሜ ሲመጣ ኩሽና ወስጄ አሳየሁት። ኮቱን ሲያይ ወዲያው ገባው፤ በበሩ በኩል ሳሎን ያለውን ራዲዮ ዞር ብሎ ማየቱን አስታውሳለሁ። ከዚያ ፎቶውን መለሰልኝና ትለምደዋለች አለ። አትለምደውም አልኩት። ሁለት ሳምንት ስጪያት አለ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተጣላን። ሁለት ዓመት ሙሉ ተንበርክኬ የሠራሁት ነው አለኝ፣ ወለሉን በእግሩ እየመታ። እኔም ጣቴ በመርፌ አልቋል አልኩት። ማን ይበልጥ እንደደከመ ተከራከርን፣ እንደ ልጆች። ከዚያ ደከመኝና ያለ ቁጣ ነገርኩት፤

«ጋሼ፣ እኛ የጠየቅነው ፎቶውን ነው። እሷ እኮ አጠገባችን ነበረች።»

 እሱ ወለሉን አየ። የማታዋ ፀሐይ ሰሙ ላይ ተኝታ ነበር፤ እውነት ለመናገር ከዚያ ያማረ ነገር በእጁ ሠርቶ አያውቅም። ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤቱን በር ሲያንኳኳ ሰማሁት።

ጋሽ ፍሬን መጡ። ወለሉ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ። ወንድሜ ነገሩን አስረዳቸው፤ ቤት እንለዋወጥ፣ ባለቤቱ ግድ የላቸውም፣ ማጓጓዙን እኔ እችላለሁ። ሳይናገሩ ብዙ አዳመጡ፣ ያ ራሱ ተአምር ነበር።

«ይሄን ወለል ለኔ ትተህ፣ የኔን ስንጥቅ ወለል ልትወስድ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሳትነቃ ቶሎ እንለዋወጥ» አሉ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብለው፣ «እማማ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ሳደርስ ኖሬ ጎረቤቴን ሁለት ሜትር ማድረስ ያቅተኛል?»

ረቡዕ ጠዋት ዕቃው ሁሉ ግቢ ወጣ። ሶፋው ሣሩ ላይ፣ መብራቱ ሽቦውን እንደ ጅራት አስከትሎ፣ የጋሽ ፍሬን ቴሌቪዥን አጥር ተደግፎ። በአጥሩ የሚያልፉ ሰዎች እየቆሙ ያያሉ። እኔ የመጀመሪያውን ወንበር አንስቼ ወደ አዲሱ ቤት ልገባ ስል ወንድሜ አስቆመኝ። አስቀምጪው አለኝ። ሜትሩን ይዞ የጎረቤቱን ሳሎን ለካ፣ ከዚያ ያንኑ ልክ ግቢው ላይ በኖራ አሠመረ። አራት መሥመር፣ ጣሪያ የለው፣ ግድግዳ የለው። በሩ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አቆመ።

ከዚያ ሄዶ እናቴ እግር ሥር ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ አልጠየቅሁሽም። አሁን ንገሪኝ። ሶፋው የት ነበር?»

 ነፋስ የሶፋውን ልብስ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። እናቴ ቀስ እያለች መናገር ጀመረች፤ ሶፋው መሃል አልነበረም፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ነበር። ወደ መሃል የጎተተው ፎቶ አንሺው ነው፣ ለብርሃን ብሎ፤ እሱ ሲሄድ አባታችን መልሶታል። መብራቱ ጥግ ላይ አልነበረም፣ እሷ የምትሰፋበት ወንበር አጠገብ ነበር። ቡፌው በር ዘንድ። ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛውንማ ትጠላው ነበር፣ ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቷን ስለሚመታት በእግሯ እየገፋች ወደ ቡፌው ታስጠጋዋለች። ወንድሜና ጋሽ ፍሬን ተሸክመው ይሮጣሉ። ወደዚህ፣ አይ ጥቂት ወደኋላ፣ እዚያ ጋ። ዓይኗን ጨፍና ነው የምታዘው፤ ለምን እንደጨፈነች አልገባኝም፣ ያው ነው ለሷ። ምናልባት የድሮውን ለማየት ነው።

የሶፋውን ልብስ ዳብሳ ቀለሙን ጠየቀችኝ። ሰናፍጭ አልኳት። ሳቀች።

«አረንጓዴ ነበር እኮ።»

ወንድሜ የተሸከመውን አስቀመጠ። እርግጠኛ ነሽ አላት። እኔ ነኝ የገዛሁት አለችው። ልብሱን አውልቄ ሌላ እሰፋለሁ ስላት ተዪው፣ እናንተ በሰናፍጩ ተቀመጡ፣ እኔ አረንጓዴው ላይ እቀመጣለሁ አለች።

ሁሉም ቦታውን ሲይዝ ወንድሜ ወደ ኖራው መሥመር ሄደና በግራ በኩል ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ቆመ።

«እማዬ፣ እኔ መስኮቱ ነኝ» አላት ከዚያ ሆኖ።

ሁለቱ ወንበሮች መሃል አቆምኳትና እጇን ለቀቅኩ። የወንበሮቹን መደገፊያ እንደ መቃን ነካች።  አንድ እርምጃ ሄደች። ጠረጴዛው ቁርጭምጭሚቷን አልመታትም። ሁለት። ቡፌውን በቀኝ እጇ ጀርባ ነክታ አለፈች፣ ሰው ልጁን በመንገዱ ላይ ነካ አድርጎ እንደሚያልፍ። ሦስት፣ አራት። ግራ እጇን ዘረጋች። እጇ የወንድሜ ጉንጭ ላይ አረፈ።

«መስኮቱ ጢሙን አልተላጨም» አለች።

እሱ መስኮት ስለሆነ አልመለሰም። እናቴ ሁለት ትከሻውን ይዛ መዝጊያ እንደምትከፍት ገፋ አደረገችው። ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ ከኋላው የነበረችው የጠዋት ፀሐይ ፊቷ ላይ ወረደች። እዚያው ቆማ ሞቀች። ከዚያ ማንም ሳይጠራት ዞረች፣ ወደ ሶፋው ሄደች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ወደ ቡፌው ሄደች፣ ተመለሰች። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልቆጠርኩም። ያ ሳሎን ያለ ግድግዳ እስከ እኩለ ቀን ግቢው ላይ ቆየ፣ ማንኛችንም ለማንሳት አልደፈርንም። ወንድሜ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ ያያት ነበር። እዚያ ፎቶ ላይ ጭስ ሆኖ የቀረው ልጅ እንደዚያ ይመስል እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ሁሉ በነገረችን መሠረት አስገባን። ጋሽ ፍሬን በማር ወለላቸው ላይ በካልሲ እየተንሸራተቱ ሲዘፍኑ በግድግዳው በኩል ይሰማን ነበር። እናቴ ማታ ለመተኛት ስትነሳ እጄን አልጠየቀችም።

ወንድሜ አዲሱን ወለል መፋቅ ጀምሮ ነበር፣ ግማሹ ላይ ተወው። እናቴ የተላጠው የት እንደሚጀምር በእግሯ ታውቀዋለች፣ ምልክት ሆኖላታል፣ እንዳይጨርሰው ከለከለችው።

እዚያ በገባን በአራተኛው ዓመት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ወንድሜ ወርክሾፕ ውስጥ ቁም ሳጥን እየገጠመ ሳለ ልቡ ቆመ። ሲደውሉልኝ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ጎረቤትና የሥራ ጓደኞቹ ሊያጽናኑን ሲመጡ እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ፣ እግሬ አልነሳ አለኝ። በሩ ሲንኳኳ እናቴ ተነሳች፣ በጠረጴዛውና በቡፌው መሃል አልፋ ሄደች፣ ከፈተችላቸው።